የሚሄድ አልጋ

ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለድሬዳዋው ሰው፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረምክ? ጤናህስ፣ ሥራህስ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። አባቴ ደህና ነው። እናቴ ጉልበቴን ትበል እንጂ ደህና ናት። ታናሼ ሳሚያ ስምንተኛ ክፍል ገብታ፣ ትምህርቱን ትታ ቀኑን ሙሉ ጸጉሯን ትሠራለች።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አንቱ አትበይኝ፣ ድሬ ውስጥ ሹሙንም አንተ ነው የምንለው ስላልክ ይኸው አንተ ብያለሁ። እናቴ ብታይ ጉዴ ይፈላል። የስሙን ነገር ግን ተወኝ። ለምን ስሜን አትጽፊም ብለህ ሁለቴ ጠየቅከኝ፣ ሁለቴም ዝም አልኩህ። በእኛ ቤት ሴት የባሏን ስም አትጠራም፤ ነውር ነው። እናቴ አባቴን ይኼን ሁሉ ዘመን “ሰውዬው” ስትል ነው የኖረችው። አንድ ክረምት የሮቢ ወንዝ ሞልቶ ሽንኩርታችንን ሊወስድ ሲመጣ፣ አባቴ ምንም ሳያውቅ ማሳው ዳር ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። እናቴ ከወዲህ ሆና “ኧረ ሰውዬው! ኧረ ሰውዬው!” ትላለች። ደንግጠው የሮጡት ጎረቤታችን ጋሼ ዓለሙ ናቸው። አባቴማ የተጠራው እሱ መሆኑን ያወቀው ሽንኩርቱ ከሄደ በኋላ ነው።

ፖስታው ላይ ስምህን የምትጽፍልኝ ሳሚያ ናት። እሷ ላንተ እህት እንጂ ሚስት ስላልሆነች ትችላለች።

ድሬን መጥተሽ እዪ ስላልከኝ ጉዞ ለአባቴ ነገርኩት። ምን አለ መሰለህ፤ “ዘመዶቹ መጥተው ለመኑን፣ ሰጠን፣ ደገስን። ከዚያ እሱ ሥራ አለኝ ብሎ ሄደ፤ ሳምንት እንኳ በቅጡ አልተያያችሁም። ሂጂ፣ አገሩንም ሰውየውንም እይው። ስትመለሱ በዚህ በር አብራችሁ ግቡ። ድሬ እኖራለሁ ካልሽ ዕቃሽን ራሴ ጭኜ እሰድሻለሁ። አልኖርም ካልሽም በክብር እንለያያለን፤ አላስገድድሽም።” እንግዲህ ስመለስ አንድ ቃል ይጠበቅብኛል። ምን እንደምል ገና አላውቅም፣ አትቀየመኝ።

አይሮፕላኑን ግን እፈራለሁ። እውነቱን ንገረኝ፣ ሲነሳ ሆድ ውስጥ ይሰማል ወይ?

ሙሚና

*

ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለሙሚና አብዱልሃዲ፣

ወአለይኩም ሰላም። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም።

አቦ ሙሚና! “ለድሬዳዋው ሰው” ይባላል እንዴ? ከተማው ሙሉ የድሬዳዋ ሰው ነው እኮ! ሳሚያ ፖስታው ላይ ስሜን ባትጽፍልኝ ደብዳቤሽ እስካሁን ገበያ ለገበያ ይዞር ነበር። የእናትሽንና የወንዙን ነገር ሳነብ ብቻዬን ስስቅ፣ ባቡር ጥገና ውስጥ ያሉት ጓደኞቼ “ሷሊሕ አበደ” አሉ።

አባቴ ከእናንተው አገር ከቀወት ወደ ድሬ ሲመጣ አማርኛውን ይዞ መጣ እንጂ ወጉን እዚያው ነው የተወው። እዚህ ሚስት ባሏን ከሰፈሩ ጫፍ በስሙ ትጣራለች፤ ምሳው ምን እንደሆነ ጭምር ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ተዘጋጂ። ወላሂ፣ አንድ ቀን ስሜን ሳትወጂ በግድሽ አስጠራሻለሁ።

ላባትሽ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። የተናገሩት የትልቅ ሰው ነገር ነው። እኔም የማሳይሽን ሁሉ አሳይሽና ቃልሽን እጠብቃለሁ። እንዲያው ልቤ እምቢ እንዳትይኝ ይፈራል፤ እሱን ልደብቅሽ አልችልም።

ጉዞው እንዲህ ነው። ከዒድ በኋላ እኔ አዲስ አበባ እመጣና አይሮፕላን ማረፊያው እንገናኛለን። ቲኬቱ የበዓል ቅናሽ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ቀኑ አይቀየርም፣ ከአንድ ትንሽ ሻንጣ በላይም አይፈቅዱም። ስንመለስ በባቡር ነው። ለእኛ ለሠራተኞች በዓመት አንዴ ለባልና ሚስት የመኝታ ፉርጎ ይፈቀድልናል። ላጤ ስለነበርኩ አንድም ቀን ተጠቅሜበት አላውቅም። ላይና ታች ሁለት አልጋ አለው፣ መስኮት አለው፤ አንቺ ላይ ነው የምትተኚው ታች? ድሬ ትተኚያለሽ፣ አዲስ አበባ ትነቂያለሽ። ከዚያ አብረን ሸዋ ሮቢት።

አይሮፕላኑ ምንም አይሰማም። እኔ ስንቴ ሄጄበታለሁ።

ያንቺው ሷሊሕ

*

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 11 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለድሬዳዋው ሰው፣

አሰላሙ አለይኩም። ረመዳን እንዴት ይዞሃል? ዘንድሮ ሙቀቱ ቀድሞ መጥቶብን ገና በጥር አልጋችንን ደጅ አወጣን። እኔና ሳሚያ ኒሙ ሥር ነን፣ አባቴና እናቴ በረንዳው ጋ። ከጣርማ በር የሚወርዱት መኪኖች መብራታቸው ከዚያ ከጨለማው ተራራ ላይ አንድ አንድ እያለ ብቅ ይላል። እሱን ስቆጥር እንቅልፍ ይወስደኛል።

ላይ ነው የምተኛው ታች ብለህ የጠየቅከኝን አስቤበታለሁ። ታች። ከተኛሁበት መሬቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ትናንት ሕልም አየሁ። ደጅ የተኛሁበት አልጋ እንደተኛሁ መሄድ ጀመረ። ሽንኩርቱን ሳይነካው በመሃሉ አለፈ፣ ሮቢን እግሩ ሳይርስ ተሻገረ፣ ሽቅብ ወጥቶ ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ገባ። አልደነገጥኩም፤ እንዲያውም ደስ ይል ነበር። ዋሻው ውስጥ ከፊቴ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። አንተ ነህ፣ አውቄሃለሁ። ግን አትዞርልኝም። ስነቃ ፊትህን ላስታውስ ብል አገጭህ ብቻ መጣልኝ። አላህ ያሳይህ፣ ባሌ ነህ እኮ፤ አገጭህን ብቻ!

ለእናቴ ስነግራት “የሚሄድ አልጋ ደግ ነው፣ መንገድ ነው” አለችኝ። ስለ ጀርባህ ግን ምንም አላለችም።

ሙሚና

*

ድሬዳዋ፣ ጥር 24 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለሙሚና፣

ሰላም ነሽ? ይኸው ፎቶ ልኬልሻለሁ፤ አገጬን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ነው። ግንባሬ ላይ ያለው ጥቁር ነገር የፎቶ ቤቱ ጥፋት እንጂ የኔ አይደለም።

አይሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ እቆማለሁ። ባላይሽ ጥሪኝ። እንዴት እንደምትጠሪኝ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ የለሁበትም!

ዒድ ሙባረክ ከወዲሁ። ለእናትሽ፣ ላባትሽ፣ ለሳሚያ።

ሷሊሕ

*

ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለድሬዳዋው ሰው፣

አሰላሙ አለይኩም። በሰላም ገብቻለሁ። ብቻዬን።

ሻንጣህ እኔ ጋ ነው። ጫማህም እኔ ጋ ነው፤ ከባቡሩ የወረድከው በነጠላ ጫማ ነው። ከአዲስ አበባ እስከዚህ ጫማህን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የመጣሁት፤ ሻንጣ ውስጥ መክተት እንኳ አላሰብኩም።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ከኔ ኋላ ኋላ አየ። “ባልሽስ?” አለኝ። “ሥራ ጠርቶት ከመንገድ ተመለሰ” አልኩት። አባቴን ዋሽቼው አላውቅም ነበር።

ምንም አልጠይቅህም። ደህና መሆንህን ብቻ ጻፍልኝ።

ሙሚና

*

ድሬዳዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለሙሚና አብዱልሃዲ፣

እንደምን ነሽ። ደህና ነኝ። በማግስቱ በዕቃ ባቡር ተሳፍሬ ተመልሻለሁ፤ እግሬም ምንም አልሆነ።

ካልጠየቅሽኝ እኔ ልናገር። በእንቅልፍ ልብሽ ጠማኝ ስትይ ሰማሁና አዋሽ ላይ ብርቱካን ልገዛ ወረድኩ። ባቡሩ ተነሳ። ፉርጎአችን ሲያልፈኝ ዞር ብዬ አየሁ፤ መስኮቱ ላይ ነበርሽ። አፍሽ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለም። ስሜን አንዴ ብትጠሪኝ ዘልዬ እይዘው ነበር። አልጠራሽኝም።

ቃልሽ ገብቶኛል። ድሬን አልወደድሽው ይሆናል፤ ወይ እኔን። ላባትሽ መንገር ከከበደሽ በኔ አላክኪው። ሻንጣውን ሰው ሲገኝ ላኪልኝ።

ሷሊሕ

*

ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 30 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለድሬዳዋው ሰው፣

አሰላሙ አለይኩም ብያለሁ፤ ሰላምታ የአላህ ስለሆነ ነው እንጂ ላንተስ አይገባህም ነበር።

ቃሌ ገባህ? ማነው ቃል የሰጠህ? እኔ ቃሌን ለአባቴም አልሰጠሁ፣ ላንተም አልሰጠሁ፤ አንተ አዋሽ ላይ በነጠላ ጫማ ቆመህ ከየት አመጣኸው?

አፍሽ ተከፍቷል ድምፅ የለም አልክ። ድምፄማ አልቆ ነው! “አንተ! ኧረ አንተ! አንተ ሰውዬ!” ስል እንደነበር ጣቢያው ያውቃል። እዚያ የቆመ ወንድ በሙሉ ዞረ። ብርቱካን ሻጩ ዞረ፣ ወታደሩ ዞረ፣ ተኝቶ የነበረ ሽማግሌ ከነጋቢው ተነስቶ “እኔን ነው?” አለ። አንተ ብቻ አልዞርክም። ፊሽካው ሲነፋ እኔ ሽንኩርት ሻጯ ሰምቼዋለሁ። የባቡር ሠራተኛ አልሰማሁም ብሎ ሊያሳምነኝ? ንገረኝ እስቲ፣ ሆን ብለህ ነው አይደል?

ድሬን አልወደድሽው ላልከውም ስማኝ። አይሮፕላኑ ሲነሳ ስንቴ ሄጄበታለሁ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቁርአን እየቀራ፣ እጄን ሊሰብረው ምንም አልቀረው። “መጀመሪያህ ነው?” ስልህ ዓይንህን ሳትገልጥ “አዎ” አልክ። ያኔ ነው የወደድኩህ። ከደመናው በላይ ሆነን ታች ያለው አገር እንደተዘረጋ ሰሌን ዝም ብሎ ተኝቶ ሳየው፣ እዚሁ እንቅር ብዬ ተመኘሁ። ከዚራ ሰፈር ያለችው ቤትህ፣ ከደጇ ያለው ጥላ፣ ማታ ማታ የባቡሩ ድምፅ ሲመጣ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ሲንጫጩ፤ ሁሉም ሕልም ሕልም ይለኝ ነበር። ባቡሩ ውስጥም አንተ ከላይ ሆነህ እጅህን ወደ ታች ሰደድክልኝ። ይዤው ነው የተኛሁት። አልጋው ሄደ፣ ልክ በሕልሜ እንዳየሁት። ከዚያ ስነቃ እጅህ የለም።

ለአባቴ እውነቱን ነገርኩት። መዋሸቱ አላስተኛኝ አለ። አሁን እሱ የሚለው “ባል ሚስቱን መንገድ ላይ ጥሎ ከወረደ ምን ቀረ?” ነው። አብራችሁ ግቡ ብዬ ነበር፣ አልገባችሁም፣ በመጋቢት አጋማሽ ሽማግሌ አስቀምጬ አለያያችኋለሁ ብሏል። እናቴ አልጋዋን ከበረንዳው አንስታ ከኔ አጠገብ አድርጋለች።

ሻንጣህን አልክም። ከፈለግኸው ና ውሰደው።

ሙሚና

*

ድሬዳዋ፣ መጋቢት 8 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለሙሚናዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። አዎ፣ ሆን ብዬ ነው።

ብርቱካኑን የገዛሁት ባቡሩ ሳይነሳ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ወደ ፉርጎው ስመለስ ከመስኮቱ ብቅ ስትይ አየሁሽና ያ የድሮ ፉከራዬ ትዝ አለኝ፤ አሁን ነው የማስጠራት አልኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ፊሽካውን ሰምቻለሁ። “አንተ ሰውዬ” ስትይም ሰምቻለሁ። ሳቄን አፍኜ፣ አሁን ትጠራኛለች፣ አሁን ትጠራኛለች እያልኩ። አቦ፣ የባቡር ልጅ ነኝ፣ ሲነሳ ዘልዬ እይዘዋለሁ ብዬ ተማመንኩ። ስዞር ግን በነጠላ ጫማ አይሮጥ ነገር! የመጨረሻው ፉርጎ ቀይ መብራት ብቻ ቀረልኝ። ብርቱካኑን እንደያዝኩ ነጋ።

ቃልሽ ገብቶኛል ብዬ የጻፍኩት እፍረቱ ነው። ጥፋቱን ራሴ ላይ ከማደርግ አንቺ ላይ ማድረጉ ቀለለኝ። ይቅር በይኝ።

ለምን አትመጣም እንደምትይ አውቃለሁ። ፈቃዴን ጨርሻለሁ፣ አለቃዬም አሁን አይለቀኝም። ግን እሱ ሰበብ ነው፤ እውነቱ አባትሽ ፊት የምቆምበት ፊት የለኝም። አደራ ሰጥተውኝ አደራቸውን ባቡር ላይ ጥዬ የወረድኩ ሰው ነኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስሜን መጥራት ነውር ከሆነ ሌላ ስም አውጪልኝ። የፈለግሽውን፣ የሚጮህበት ዓይነት። ከእንግዲህ በእሱ እዞራለሁ። ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡ ግን፣ የምትወስኚውን እቀበላለሁ። ቤቱ ባዶ ነው። ብርጭቆዎቹ ሲንጫጩ እነሳና እይዛቸዋለሁ።

ሷሊሕ

*

ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 16 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለድሬዳዋው ሰው፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? እግርህስ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ አልተላጠም?

ትናንት ሽማግሌዎቹ ኒሙ ሥር ተቀመጡ። ጋሼ ዓለሙም ነበሩ። አባቴ “ሚስቱን ጥሎ ወረደ” ብሎ ሲጀምር እኔ ሳልጠየቅ ተነሳሁ። “አልጣለኝም። ልትጠራኝ ትችላለች ብሎ ጠበቀኝ፣ እኔም አልጠራሁትም” አልኩ። አባቴ “ስም ባለመጥራት ትዳር ይፈርሳል እንዴ?” ሲል፣ እናቴ፣ በሽማግሌ ፊት ተናግራ የማታውቀው እናቴ፣ ከበረንዳው ሆና “ያኔ እኔ ጠርቼህ ቢሆን ሽንኩርቱ ይተርፍ ነበር” አለችው። ጋሼ ዓለሙ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ጋቢያቸው ውስጥ ገቡ። አባቴ ግን አልሳቀም። እናቴን ብዙ ሲያያት ቆየ።

ከዚያ ቃሌን ሰጠሁ። ድሬ እኖራለሁ አልኩ። አባቴ “እሱ መጥቶ ይውሰድሽ” አለ፤ “እሱ ያፍርሃል፣ እኔው እሄዳለሁ” አልኩት። አሁን ዕቃዬን ሲያስር ይሰማኛል። ገመዱን አጥብቆ አጥብቆ ነው የሚያስረው፤ እያለቀሰ መሰለኝ፣ እንዳላየሁ ሆኛለሁ።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። ያን ሌሊት የጣቢያው መብራት ከዓይኔ ሲጠፋ፣ ከመስኮቱ እንደተንጠለጠልኩ፣ ስምህን ጠራሁት። አንዴ አይደለም። ጨለማው ውስጥ፣ ግራር ብቻ ባለበት ሜዳ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ጠራሁህ። በጎን ክፍል ያሉ አሮጊት ግድግዳውን ደብድበው “ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?” አሉኝ። “ማንም አልሞተም፣ ባሌ ወርዶብኝ ነው” አልኳቸው። “ታዲያ ሳይርቅ አትጠሪውም ነበር?” ብለው መልሰው ተኙ። እኔ ግን አልተኛሁም። ምላሴ ላይ አንድም ነገር አልሆነም። ስምህ ቀላል ነው፣ ለመጥራት ያምራል።

ስለዚህ ሌላ ስም አላወጣልህም። አባትህ ያወጡልህ ይበቃሃል።

በመጪው ሳምንት፣ ሰኞ ማታ ከአዲስ አበባ በሚነሳው ባቡር ነኝ። የመኝታ ፉርጎ የለኝም፣ ተቀምጬ ነው የማድረው። ሻንጣህንና ጫማህን ይዣለሁ። ድሬ ስደርስ እወርድና ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ። ሰው ቢገፋኝ፣ ተሸካሚ ቢለምነኝ፣ ፀሐዩ ቢያቃጥለኝ ዞር አልልም። የኔን ስም እንዳትጠራ የከለከለህ የለም። ያውም የድሬ ልጅ ነህ፣ ጩኸት አይቸግርህም። ጥራኝ።

ሙሚና

ፖስታውን አይተህ የሳሚያ ጽሕፈት ተበላሸ እንዳትል። ሳሚያ ማጀቴ ከተማ አክስታችን ጋ ሄዳለች፣ ቤት የለችም።